ለተጐዳ ተማሪ የሚሰጥ ርዳታ በምን ሚዛን ይመዘናል

በ1962 ዓ.ም. በመጸው ወራት፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ በምትባል ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ አንድ ወጣት ሕመምተኛ ሳይኾን በሆስፒታል እያደረ ይማር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ኹሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ሌሊት ሌሊት በርሜል በሚመስል ትልቅ የብረት መኪና ውስጥ ራሱን ብቻ ወደ ውጭ አውጥቶ ይተኛል፤ መኪናውም አየሩን እየሳበና እየገፋ ያስተነፍሰዋል። ሲነጋ ረዳቶቹ ከብረቱ ያወጡታል፣ ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ቁርሱንም ያጐርሱታል፤ ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጠው እስከ ትምህርት ክፍሉ ይገፉታል። በክፍሉም እንደ ጓደኞቹ ተቀምጦ ስለ መንግሥታት አቋምና ስለ ሕግ የሚነገረውን ይሰማል፤ ማታ ወደ ብረቱ ይመለሳል። ስሙ ኤድ ሮበርትስ ነበረ፤ ዕድሜውም 23 ዓመት።

የዚህ ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ትዕግሥቱና ስለ ጽናቱ ነው። ትዕግሥቱም ጽናቱም እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ትዕግሥት ብቻውን የረዳት ደመወዝ አይከፍልም። እዚህ የሚተረከው ከታሪኩ ብዙ ሰው ቸኵሎ የሚያልፈው ክፍል፣ ይኸውም ስለ ገንዘቡ ያለው ነገር ነው።

ኤድ ሮበርትስ እስከ 14 ዓመቱ ድረስ ኳስ የሚወድና ሩጫ የማይሰለቸው ልጅ ነበረ። በ1953 ዓ.ም. በአማርኛ ልምሻ የሚባለው የፖሊዮ በሽታ ያዘው። የዶክተር ሳልክ ክትባት ለሕዝብ የተፈቀደው በ1955 ዓ.ም. ነውና በሽታው መድኃኒቱን በኹለት ዓመት ቀደመው። ከዐንገቱ በታች ያለው አካሉ፣ ከግራ እጁ ኹለት ጣቶችና ከጥቂት የእግር ጣቶች በቀር፣ አልታዘዝ አለ፤ የመተንፈሻውም ጅማት ሰለለ። ሐኪሙ ለእናቱ ለወይዘሮ ዞና ሮበርትስ፣ ቢድን አትክልት ኾኖ ይቀራል እንጂ ሰው አይኾንምና ቢሞት ይሻለዋል ብሎ እንደ ነገራቸው፣ ልጁም በተኛበት ኾኖ ይህንን እንደ ሰማ፣ በኋላ ዘመን ራሱ ይተርክ ነበር። ሲተርክም እየሳቀ፣ እንግዲያውስ አትክልት መኾኔ ካልቀረ አርቲቾክ ልኹን ብዬ ቈረጥሁ ይል ነበር። አርቲቾክ ውጭው እሾህ፣ ልቡ ግን ለስላሳ የኾነ አትክልት ነው።

ሳቁ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያ ምግብ እንቢ ብሎ ለመሞት ዐስቦ ነበር፤ ሰውነቱም እጅግ ከሳ። በመጨረሻ የምትጠብቀው አስታማሚ ተሰናብታ በሄደች ቀን፣ የሚያስገድደው ሰው በሌለበት ሰዓት፣ በገዛ ፈቃዱ መብላት ዠመረ። ቀስ በቀስም ከብረቱ ወጥቶ የሚቈይበትን ብልሃት ተማረ፤ ይኸውም አየሩን እንደ እንቍራሪት እየጐረሰ ወደ ሳንባው መዋጥ ነው። በዚህ ብልሃት ቀኑን በወንበር ላይ መዋል ቻለ።

ትምህርቱን በመጀመሪያ በቤቱ ኾኖ በስልክ መሥመር ይከታተል ነበር። እናቱ ግን ልጃቸው ከቤት ወጥቶ ሰው እንዲያይ፣ በሰውም እንዲታይ ፈቀዱ፤ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት ይወስዱት ዠመር። ልጁ በጣም ይፈራ የነበረው የሰውን ዓይን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ኹሉ ሰው ዞር ብሎ አየው፤ እሱ ቀና ብሎ ሲመለከታቸው ግን ዓይናቸውን ሰበሩ። ያን ጊዜ፣ ዕፍረቱ የእኔ ብቻ ካልኾነ ዝነኛ ሰው እንደሚታይ ብታይስ ምን እኾናለሁ ብሎ ዐሰበ። ከዚያ ወዲያ የሰው ዓይን አላስቸገረውም።

ትምህርቱን በፈጸመ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የትምህርት ቤቱ ሹማምንት ምስክር ወረቀት አንሰጠውም አሉ። ምክንያታቸውም የጂምናስቲክና የመኪና መንዳት ትምህርት ስላልፈጸመ ነው። ኹለት ጣት ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ መኪና መንዳት አልተማረም ተብሎ የአራት ዓመት ድካሙ ከንቱ ሊኾን ነበረ። ለሹማምንቱም ቢኾን ክፋት አይደለም፤ መዝገቡ ሁለት ባዶ መሥመር ነበረው፣ እነርሱም መዝገቡ ሳይሞላ ፊርማ ማኖር አልለመዱም። ወይዘሮ ዞና ግን እስከ ትምህርት ቤቱ የበላይ ጉባኤ ድረስ ሄደው ተሟገቱ፤ ወረቀቱም ተሰጠ። ኤድ ሮበርትስ ሙግትን የተማረው ከእናቱ ነው።

ከዚህ በኋላ በሳን ማቴዎ ኮሌጅ ተምሮ ውጤቱ ያማረ ኾነ። የፖለቲካን ትምህርት ለመቀጠል ደግሞ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ፈለገ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። በዚያ ዘመን የካሊፎርኒያ ተወላጅ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ከጥቂት ልዩ ልዩ መዋጮ በቀር የትምህርት ዋጋ አይከፍልም ነበር። በሕጉ ፊት በሩ ለድኻም ለሀብታምም እኩል ክፍት ነው። ለኤድ ሮበርትስ ግን ውድ የነበረው ትምህርቱ ሳይኾን ወደ ትምህርቱ መድረሱ ነው፤ የሚያነሣው ሰው፣ የሚያጐርሰው ሰው፣ የሚጽፍለት ሰው፣ 800 ፓውንድ የሚመዝነውን የብረት ሳንባ የሚሸከም ወለል ያስፈልገው ነበር። ነጻ የኾነው ነገር ለኹሉ እኩል ነጻ ነው ማለት እንዴት ያለ ስሕተት እንደ ኾነ ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

ለእንዲህ ያለው ወጪ የቆመ መሥሪያ ቤት ነበረ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ መንግሥት አካላቸው የተጐዳ ሰዎች ሙያ ተምረው ወደ ሥራ እንዲመለሱ የሚረዳ ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ መሠረት በየክፍለ አገሩ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ቆመ፤ የሚገባውንም ሰው በኮሌጅ ያስተምር ነበር። ኤድ ሮበርትስ ለካሊፎርኒያው መሥሪያ ቤት አመለከተ። ጕዳዩን የያዘው አማካሪ ሹም መረመረውና ርዳታ አይገባውም ብሎ ፈረደ። ጕዳቱ እጅግ ከባድ ስለ ኾነ ምንም ቢማር ሥራ ሊይዝ አይችልም፤ በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ነገሩ የማይኾን ነው ተባለ።

ፍርዱን ከማውገዝ በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባል፤ ምክንያት የሌለው አልነበረምና። ሕጉ የወጣው ሰውን ወደ ሥራ ለመመለስ ነው። መንግሥት አንድ ሺሕ ብር ቢያወጣ ሰውየው ሠርቶ ግብር እየከፈለ ይመልሰዋል ተብሎ ነበር በሕግ አውጪዎቹ ፊት የተሟገቱለት። የአማካሪውም ሥራ የሚመዘነው ተምረው ሥራ በያዙለት ሰዎች ቍጥር ነው። ገንዘቡ በልክ ነው፤ ጠያቂው ብዙ ነው። አንድ ጣቱን ያጣ አናጢና ከዐንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ ልጅ በአንድ ቀን ወደ ቢሮው ቢመጡ፣ ቍጥሩ እንዲያምርለት የሚፈልግ ሹም አናጢውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ ርዳታው ጕዳቱ ቀላል ለኾነው ይቀርባል፤ ጕዳቱ በከበደ መጠን ይርቃል። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ለችግረኛ የቆመው ቤት ከኹሉ ይልቅ የተቸገረውን በደጅ ያስቀራል። የዚህ ነገር አሳዛኝነቱ ሌላም መልክ አለው፤ አይሠራም የተባለው ሰው ትምህርት ስለ ተከለከለ በእውነት ሥራ ሳይዝ ይቀርና የሹሙን ግምት ትክክል ያደርገዋል።

ኤድ ሮበርትስና የኮሌጁ ወዳጆቹ ዝም አላሉም። ነገሩን ለጋዜጦች ነገሩ፤ ጋዜጦቹም ጻፉት፤ መሥሪያ ቤቱም ፍርዱን ለወጠ። ርዳታውም ተሰጠ።

ታሪኩን የሚያስተምሩ ሰዎች እዚህ ላይ ደስ ብሏቸው ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። ለዚህ ልጅ እስከ ጉባኤ የምትሟገት እናት ነበረችው፤ ነገሩን ወደ ጋዜጣ የሚያደርሱ ወዳጆች ነበሩት፤ አንደበቱም የተባ ነበረ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መሥሪያ ቤት፣ ያው ቃል ተጽፎበት ወደ ቤቱ የተመለሰ፣ ነገር ግን እናት ወይም ጋዜጣ ያልነበረው ሰው መኖሩ አይቀርም። የእሱ ስም በየትም አልተጻፈም። በጋዜጣ የተገኘ ርዳታ ለተቀባዩ ርዳታ ነው፤ ለጎረቤቱ ግን ገና ሕግ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲውም በበኩሉ አመነታ። ከሹማምንቱ አንዱ፣ አካለ ስንኩላንን ከዚህ በፊት ሞክረን አልኾነልንም ብሎ መመለሱ ይነገራል። የብረት ሳንባውን የሚችል የተማሪዎች ማደሪያም አልነበረም። በመጨረሻ የተማሪዎቹን ጤና የሚጠብቀው ሐኪም ዶክተር ሄንሪ ብሩይን፣ በግቢው ዳር ባለው በካውል ሆስፒታል አንድ ክፍል እንሰጠዋለን አሉ። ኤድ ሮበርትስ ግን አንድ ነገር ለመነ፤ ክፍሉ የተማሪ ማደሪያ ይባል እንጂ የሕመምተኛ ክፍል አይባል አለ። በዚያው መጸው ጄምስ ሜረዲዝ የሚባለው ጥቁር ተማሪ በወታደር ታጅቦ ወደ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዓለም ኹሉ ያየው ያንን ነበር። በበርክሌይ ግን ወታደርም ግርግርም አልነበረም፤ አንድ ወንበር ብቻ በኮረብታው ላይ ተገፍቶ ወጣ።

ኤድ ሮበርትስ በ1964 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዲግሪ፣ በ1966 ዓ.ም. ኹለተኛውን ተቀበለ። በእሱ ምክንያት ሌሎችም መጡ፤ በ1969 ዓ.ም. በካውል ሆስፒታል አካላቸው የማይታዘዝ 12 ያህል ተማሪዎች ይኖሩ ነበር። ማታ ማታ በአንድ ክፍል እየተሰበሰቡ ሲጨዋወቱ ማኅበር ኾኑ። ማኅበሩንም በወንበራቸው መንኰራኵር እየቀለዱ ሰየሙት።

የርዳታው ሌላ ጠባይ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ርዳታውን ከሚያስተዳድሩት ሹማምንት በአንዱ ዘንድ፣ ከተማሪዎቹ ኹለቱ ትምህርታቸውን እንደሚገባ አልገፉም፣ አኗኗራቸውም ደስ አያሰኝም ተብሎ ከርዳታውም ከማደሪያውም ይውጡ ተባለ። ሌላ ተማሪ ቢሰንፍ፣ ማታ ቢያመሽ፣ የትምህርት ምርጫውን ቢለውጥ፣ መምህሩ ይገሥጸው ይኾናል እንጂ እጅና እግሩ አይወሰድበትም። ለእነዚህ ግን ርዳታው ማለት የሚያነሣቸው ሰው ነው፤ ርዳታው ሲቈረጥ ከአልጋ መውረድም ይቀራል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ገንዘብ ሰጪው በሰውየው አነጋገር፣ በእንቅልፉና በወዳጆቹ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ጓደኞቻቸው ግን ተባብረው ተቃወሙ፤ እንደ ቀድሞውም ወደ ጋዜጣ ሄዱ፤ ኹለቱም ሳይባረሩ ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹ የሚፈልጉትን ርዳታ ራሳቸው ይነድፉት ዠመር። ከመንግሥት ገንዘብ ጠይቀው በ1970 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለአካለ ጕዳተኞች ተማሪዎች የሚያገለግል ቢሮ አቋቋሙ። ሥራውን ያቀዱት የችግሩ ባለቤቶች ስለ ኾኑ፣ በርቀት ተቀምጦ የሚያቅድ ሹም ከቶ የማያስበው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ከነዚህ አንዱ የወንበር ጥገና ነው። ጤነኛ ሰው ጫማው ቢቀደድ በነጠላ ጫማ ይሄዳል። የእነዚህ ሰዎች ወንበር ግን ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወይም ባትሪው ቢሞት ተማሪው ያን ቀን ከትምህርት ቀረ፤ ዕቃው እስኪመጣ ሳምንት ቢፈጅ ሳምንት ቀረ፤ ፈተናው በዚያ ሳምንት ቢውል ወደቀ፤ በወደቀም ጊዜ ርዳታው በውጤት የሚመዘን ነውና ርዳታው ተነካ። ስለዚህ የመፍቻና የብሎን ጕዳይ የትምህርት ርዳታ ጕዳይ ነው። ቢሮው ወንበር የሚጠግን ሰው ቀጠረ፤ ሊሠሩ የሚችሉ ረዳቶችን ስም መዝግቦ አኖረ፤ ወንበር የሚገባበት የኪራይ ቤትም ይፈልግ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪ ላልኾኑት የከተማው ሰዎች ይኸው አሠራር ከግቢው ወጥቶ በበርክሌይ ራሱን የቻለ ማዕከል ኾኖ ተቋቋመ።

ሕጉም ተለወጠ። በ1973 ዓ.ም. የወጣው የተሐድሶ ሕግ የቀድሞውን ሚዛን ገለበጠው፤ መሥሪያ ቤቶቹ ጕዳቱ የከበደውን ሰው እንዲያስቀድሙ አዘዘ። በዚያው ሕግ 504ኛ ክፍል ደግሞ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማናቸውም ድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲም ቢኾን፣ ሰውን ስለ አካሉ ጕዳት ብቻ እንዳያገል ተከለከለ። ደንቡ ሳይፈረም አራት ዓመት ስለ ቈየ፣ በ1977 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከመቶ የሚበልጡ አካለ ጕዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የመንግሥት ቤት ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም አሉ፤ ሚያዝያ 28 ቀን ሚኒስትሩ ጆሴፍ ካሊፋኖ ፈረሙ። በ1992 ዓ.ም. የተጨመረው ማሻሻያም ማስረጃ የማቅረቡን ሸክም አዛወረው፤ ጕዳተኛው ሰው እንደሚሠራ አስቀድሞ ይታመናል፤ አይችልም የሚል መሥሪያ ቤት ቢኖር እሱ ያስረዳ ተባለ።

በ1975 ዓ.ም. የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን ለክፍለ አገሩ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ሾሙ። የተሾሙትም ሚስተር ኤድ ሮበርትስ ናቸው። ሥራ ሊይዝ የማይችል ብሎ የፈረደባቸውን ቤት ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይተው ራሳቸው ገዙት፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም በሹመቱ ቈዩ። ደመወዝ ይቀበሉ፣ ግብርም ይከፍሉ ነበር። እንግዲህ በሹሙ የገዛ ሚዛን እንኳ ቢመዘን ብድሩ ተመልሷል። ዳሩ ግን ይህንን መልስ አብዝቶ መውደድ አይገባም። ተምሮ ዲሬክተር ባይኾን ኖሮስ? ተምሮ መጽሐፍ የሚያነብና ከሰው የሚነጋገር ሰው ብቻ ቢኾን ኖሮስ ርዳታው አይገባውም ነበርን? ብዙ ጤነኛ ሰው በመንግሥት ገንዘብ ተምሮ የተማረበትን ሥራ ሳይሠራ ይኖራል፤ የወጣለትን ገንዘብ መልስ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ከዚህ ኹሉ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ግን አይቻልም። ዛሬ በአሜሪካ ኮሌጆች ጕዳተኛ ነህና አትገባም የሚል ሹም በግልጽ አይገኝም፤ ችግሩ ከበሩ ወደ ሒሳቡ ገብቷል። ከ1972 ዓ.ም. ዠምሮ መንግሥት ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጠው፣ በሴናተር ክሌቦርን ፔል ስም የሚጠራ ስጦታ አለ። ለ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበረ። ይህ ሙሉ የሚሰጠው በአንድ ሴሚስተር ቢያንስ 12 የትምህርት ሰዓት ለሚወስድ ነው፤ ከዚያ ያነሰ የሚወስድ እንደ ሰዓቱ እየተቀነሰ ያገኛል። ኩላሊቱ በመኪና የሚታጠብ፣ ወይም በጣቱ እየዳሰሰ የሚያነብ፣ ወይም ሕመሙ ከቀኑ ግማሹን የሚወስድበት ተማሪ ስድስት ሰዓት ብቻ ቢወስድ ወደ 3,700 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ግማሽ ትምህርት ለወሰደ ግማሽ ክፍያ ቢታሰብ ለኮሌጁ ዋጋ ልክ ነው። ይሁን እንጂ የቤቱ ኪራይ ግማሽ አይኾንም፤ የረዳቱ ደመወዝ ግማሽ አይኾንም፤ እንጀራውም ግማሽ አይኾንም፤ ጓደኛው በአራት ዓመት የሚከፍለውን ኪራይ እሱ ስምንት ዓመት ይከፍለዋል። ኮሌጁ ስለ ጤናው ሲል ስድስቱን ሰዓት እንደ ሙሉ ቈጥሮ በማደሪያ ቢያኖረው እንኳ የስጦታው ሒሳብ ያንን አይቀበልም። ስጦታው በአንድ ሰው ዕድሜ ከ12 ሙሉ ሴሚስተር አይበልጥም፤ ለዚህ ገደብ ግን ግማሽ የወሰደው ሴሚስተር እንደ ግማሽ ይቈጠርለታል። በዚህ በኩል ሕጉ ደኅና ዐስቧል።

ሕጉ ሌላም ደኅና ነገር ጽፏል። የተማሪው የዓመት ወጪ ሲገመት፣ በጕዳቱ ምክንያት የሚያወጣው፣ የረዳት፣ የመጓጓዣና የመሣሪያ ዋጋ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት የማይከፍልለት ከኾነ፣ በግምቱ ውስጥ ይግባ ይላል። ተማሪው ግን ይህንን ዐውቆ መጠየቅ አለበት፤ ብዙው አያውቅም። ዐውቆ ቢጠይቅም ግምቱ ከፍ አለ ማለት ገንዘብ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ከሥር የሚሞላው ግን ብዙ ጊዜ ብድር ነው። እንዲህ ሲኾን፣ ወንበር ለመግዛት የተበደረና መጽሐፍ ለመግዛት የተበደረ በአንድ ቀን ተመርቀው፣ የአንደኛው ዕዳ በእግሩ ዋጋ ከብዶ ይገኛል።

ከዚህ የሚብሰው የቍጠባው ነገር ነው። በድህነትና በጕዳት ምክንያት ከመንግሥት የወር ቀለብ የሚቀበል ሰው፣ ከ1989 ዓ.ም. ዠምሮ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ፣ ከጥቂት ለይተው ከተተዉ ንብረቶች በቀር ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ሊኖረው አልተፈቀደም። የመንግሥቱ የትምህርት ስጦታ ከዚህ ሒሳብ ነጻ ነው። ከማኅበር ወይም ከበጎ አድራጊ የተሰጠ ስኮላርሺፕ ግን ነጻ የሚኾነው ለትምህርት ዋጋና ለመጽሐፍ ሲውል ነው፤ ለኪራይ ቢውል እንደ ገቢ ይቈጠራል። ስለዚህ የደብሩ ምእመናን ወይም የሠራተኞች ማኅበር ለአንድ ጕዳተኛ ተማሪ በቅን ልብ አዋጥተው የቤት ኪራይ ይኹንህ ብለው ቢሰጡት፣ ሳያውቁ ቀለቡን ሊያስቀንሱበት ይችላሉ። በ2014 ዓ.ም. የወጣ ሕግ፣ ጕዳቱ ከ26 ዓመቱ በፊት ለዠመረው ሰው፣ ከጥሪቱ የማይቈጠር ልዩ የቍጠባ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቀደ፤ ከ2026 ዓ.ም. መግቢያ ዠምሮ የዕድሜው ወሰን ወደ 46 ዓመት ከፍ ብሏል። መልካም ነው፤ ይህንን ሕግ ለተማሪው የሚነግረው ሰው ከተገኘ።

የአማርኛ አንባቢ የነገሩን ሥር ለማስተዋል እስከ ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልገውም። በቅኔ ቤት ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ዓይነ ስውር መምህርም እንግዳ አይደለም። ትምህርቱ በቃል ይነገራል፤ በጆሮ ይገባል፤ በአእምሮ ይብላላል፤ በአፍ ይወጣል። ዓይነ ስውሩ ተማሪ በመንገድ የሚመራው ልጅ ያስፈልገው ይኾናል፤ ቅኔውን ለመቍጠር ግን ከባልንጀራው የሚበልጥ ወጪ የለበትም፤ ጓደኛው በዓይኑ የሚያገኘውን እሱ በጆሮው ያገኛልና። ያው ሰው ወረቀት በነገሠበት ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ግን የሚያነብለት ሰው፣ በብሬል የታተመ መጽሐፍ፣ የሚናገር ኮምፒውተር ያስፈልገዋል፤ ይህም ኹሉ በእሱ ስም እንደ ዕዳ ይጻፋል። ዓይኑ በኹለቱም ቤት ያው ነው። የተለወጠው ቤቱ ነው። እንግዲህ ያንን ወጪ የጕዳተኛው ወጪ ከማለት ይልቅ የወረቀቱ ወጪ፣ የደረጃውና የጠባቡ በር ወጪ ቢሉት ወደ እውነት ይቀርባል፤ ማን ይክፈለው የሚለውም ጥያቄ ያን ጊዜ ሌላ መልክ ይይዛል።

ሚስተር ሮበርትስ በ1995 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ በ56 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ከዐንገታቸው ደጋፊ ጋር በባትሪ የምትሄደው ወንበራቸው በዋሽንግተን ከተማ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ትገኛለች። የካውል ሆስፒታል ግን በ1993 ዓ.ም. ፈርሷል። በስፍራው ላይ ዩኒቨርሲቲው ትልቅ የንግድ ትምህርት ቤት ሠርቶበታል፤ ዛሬ በዚያ ግቢ ወጣቶች ትርፍና ኪሳራ እንዴት እንደሚሰላ ይማራሉ።